ትሪኒዳዲ አይደለም፣ ትሪኒዳዴ

እኛ ፑካያኩ መንደር፣ ዋያጋ ወንዝ ዳር የምንኖር ሰዎች፣ ትሪኒዳድ ሹፒንጋዋን «ወንዳወንድ» እያልን ነው ያስረጀናት። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድሞች መጥተው፣ «ጀልባ መንዳት የወንድ ሥራ ነው፣ አስረክቢን» አሏት። «እናንተ ዋኙ» ብላ ሞተሩን አስነሳች። ይኸው እስካሁን ወንዙ ላይ ናት።

አምና ኤሊሴኦ የሚባል ወጣት ተመራማሪ ከዋና ከተማ መጥቶ ጫካ ለጫካ ስታመላልሰው፣ ከጀልባዋ የቅጠል ጣሪያ አንድ ቀጭን ቡናማ እባብ ጭኗ ላይ ዱብ አለ። የሞተሩን እጀታ ሳትለቅ በባርኔጣዋ ከደነችው። ኋላ ሲመረመር፣ እስከዚያ ቀን ማንም ስም ያላወጣለት ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ኤሊሴኦም በእሷ ስም ይጠራ ብሎ ለአለቃው ሐሳብ አቀረበ።

ዘንድሮ ስለ እባቡ የታተመውን ጽሑፍ ይዞ መጣ። ወደቡ ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዛችንን እየበላን ነበር። ስሙን ጮክ ብሎ አነበበልን፤ መጨረሻው «ትሪኒዳዲ» ይላል። አጨበጨብን።

«ይቺ 'ዲ' ደግሞ ከየት መጣች?» አለ ዶን ፋውስቶ፣ የሌላኛው ጀልባ ባለቤትና የመንደሩ ተረበኛ።

የኤሊሴኦ ፊት ቀላ። «የላቲን ደንብ ነው። ለሴት 'ዴ'፣ ለወንድ 'ዲ' ይባላል። ትሪኒዳድ የወንድም የሴትም ስም አይደል? አለቃዬ 'የጀልባ ነጂ' የሚለውን ሲያይ... ወንድ መስሎት ነው።»

«ኮማድሬ፣ ወዳጄ!» ፋውስቶ ጭኑን መታ። «በላቲንም ወንድ ነሽ!»

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ሩዟን መልሳ ጠቀለለችና፣ «ይታረም» አለች።

«አንድ ፊደል እኮ ናት፣ ዶኛ ትሪኒዳድ።»

«እንግዲያው ለማረም አትከብድም። እስክትታረም በእኔ ጀልባ የትም አትሄድም።»

ኤሊሴኦ ዓይኑን ወደ ፋውስቶ ጣለ። ፋውስቶ ጣቶቹን ላሰ። «እኔን አትየኝ፣ ልጄ። እሷን ወንድ ማለት የእኛ ፈንታ ነው፣ አብረን አርጅተንበታል። ያንተ አለቃ ማን ሆኖ ነው?»

ስልክ የሚሠራው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጉብታው ላይ ስለሆነ ተያይዘን ወጣን። ኤሊሴኦ ደውሎ ድምፁን ለሁላችን ከፈተው። አለቃው ዶክተር፣ የተያዘው እባብ ራሱ ወንድ መሆኑን፣ የታተመን ስም መነካካትም ጣጣ እንዳለው ሲዘረዝር፣ ትሪኒዳድ ስልኩን ነጠቀች።

«እንዴት ነሽ፣ ዶክተሯ?»

«ይቅርታ... ዶክተሩ ነኝ።»

«አወቅኩሽ፣ የኔ እመቤት። ባልሽ ደህና ነው?»

«ሴትዮ፣ ወንድ ነኝ እኮ!»

«ምን ያስቆጣሻል? አንድ ፊደል ናት።»

ፋውስቶ ሣሩ ላይ ተንከባለለ።

«እባቡ ወንድ ከሆነ የራሱ ጉዳይ ነው» አለች፣ አሁን ረጋ ብላ። «ስሙ ግን የኔ ነው። ልጆች ወልጄ፣ ባሌን ቀብሬ፣ ይሄን ወንዝ ወጥቼ ወርጃለሁ። ሁሉንም ያደረግኩት ሴት ሆኜ ነው።»

«...ይታረማል፣ ዶኛ ትሪኒዳድ።»

«ታትሞ ሲመጣ ልጅሽን እወስደዋለሁ። እስከዚያ ይዋኝ» ብላ ዘጋችው።

ኤሊሴኦ አልዋኘም፤ እኛው ጋ ከረመ። ዝናቡ ሲመለስ ማረሚያው ታትሞ መጣ። እሷም በማግስቱ ወደ ላይኛው ወንዝ ወሰደችው። ከመነሳታቸው በፊት ግን ጀልባዋ ግንባር ላይ አዲሱን ስም በቀይ ቀለም ጻፈች፤ መጨረሻዋን ፊደል ከሁሉም አስበልጣ።

ፋውስቶ አሁንም ወንዙ ላይ ሲያልፋት «ወንዳወንድ!» ይላታል።

«በላቲን በለኝና ልይህ!» ትለዋለች።