ዝቅ ያለችው ቮልስ

ልጄ ብሩክ ሰሞኑን አሮጌ ቮልስ ገዝቶ መጣ። የጎማ ፎቶዎች በስልኩ እያሳየ፣ «እማዬ፣ ከፊት ዝቅ ላደርጋት ነው፤ የትኛው ያምርባታል?» አለኝ። የአባቱ ቮልስ ትዝ አለችኝ።

በደርግ ጊዜ፣ ብሩክ ገና ጡት ሲጠባ፣ ባለቤቴ ታደሰም ናዝሬት ውስጥ እንዲህ ያለች ቮልስ ነበረችው። ጋራዥ ወስዶ የፊት እግሯን ዝቅ አስደረጋት። ጎማው ሲታጠፍ ከላዩ ያለውን ፓራፋንጎ እንዳይነካ ብሎም ለፊቱ ትናንሽ ጎማዎች መረጠ። «እንደ ኋላው ጎማ ትልቅ ይሁን፣ መንገዱ ጉድጓድ ነው» ብዬ ብለምነው፣ «አንቺ ደግሞ ጎማም ትፈሪያለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ ያኔ የፈራሁት ጉድጓዱን ብቻ ነበር።

እህቴ ሻሸመኔ ወልዳ ስለነበር ጭኮ አዘጋጅቼ ልንጠይቃት ተነሳን። ክረምቱ ወጥቷል፤ ከሞጆ በኋላ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ እርጥብ ሣር ይሸታል። መቂን አልፈን ዝዋይ ሳንደርስ ኬላ ላይ ወታደሮች አስቆሙን።

አስር አለቃው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አያት። «ከፊት ምን ጭነህ ነው እንዲህ ያጎነበሰችው?»

«ምንም። ለማማር ብዬ ነው ዝቅ ያደረግኳት» አለ ታደሰ።

«ለማማር? በዚህ መንገድ?» ወታደሮቹ ሳቁ። አስር አለቃው ግን አልሳቀም። «መሣሪያ ነው የጫንከው። ውረዱ!»

የቮልስ ዕቃ መጫኛ ከፊት ነውና ኮፋኖውን ከፍተው ልብሳችንን፣ ስኮርታ ጎማውን፣ ጭኮዬን አወጡ። ጭኮውን በሳንጃ ሲወጉት ቅቤው ስለቱ ላይ ተለጥፎ ወጣ። ዕቃው ሁሉ ወርዶም መኪናዋ ከፍ አላለችም። ነገሩ የባሰው ያኔ ነው።

«ባዶዋንም አጎንብሳለች! ከወለሉ ሥር ነው የደበቀው» ብሎ አስር አለቃው ታደሰን በክንዱ ያዘው። በዚያ ዘመን እንዲያ የተወሰደ ሰው የት እንደሚገባ አይታወቅም። ብሩክ ደረቴ ላይ ያለቅሳል። አፌ ግን ቀደመኝ፤

«ወንድሜ፣ ብረት ካለባት ትከብድ የለ? ሞተሯ ከኋላ ነው፤ እስቲ ከፊት አንሷት።»

«ሴትዮዋ ወዛደር አደረገችን!» አለ አንዱ። ቢሆንም ጎንበስ ብለው በቀላሉ አነሷት። ትናንሾቹ ጎማዎች ከአስፋልቱ ተላቀቁ።

አስር አለቃው የታደሰን ክንድ ለቀቀ። «ሚስትህን አመስግን። ይህችን ነገር ግን አስተካክላት፤ የሚቀጥለው ኬላ እንደ እኔ አይታገስህም።»

ታደሰ መኪናዋን ወደ ናዝሬት አዞራት። የእህቴን ልጅ ያየሁት ክርስትና ከተነሳ በኋላ ነው።

ይህን ስነግረው ብሩክ፣ «እማዬ፣ አሁን እኮ ጊዜው ሌላ ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል። መኪና ማሳመር ኃጢአት አይደለም፤ ታደሰም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከውበት ሌላ የፈለገው ነገር አልነበረም። ሰው ሲፈራ ግን ያልገባው ነገር ሁሉ መሣሪያ ይመስለዋል። ብሩክን ጎማውን ራሱ እንዲመርጥ ነገርኩት። እኔ ግን ዝቅ ያለ መኪና በደጄ ባለፈ ቁጥር፣ ከፊቱ የሚያስቆመው ሰው ይኖር ይሆን ብዬ መንገዱን አያለሁ።