በዘይት የተሸፈነው ዳጣ

አራተኛ ዓመት ላይ ለኢንተርንሺፕ ስንበተን ጓደኞቼ ትልልቅ ፋብሪካ ደረሳቸው፤ አንዱ ቢራ፣ አንዷ ወተት፣ ሌላዋ ብስኩት። እኔ እዚያው ወላይታ ሶዶ፣ ከእናቴ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ፣ አንዲት ዳጣ ማሸጊያ ቤት ተመደብኩ። አራት ሠራተኛ፣ ሁለት መፍጫ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ነጭ ጋውኔን ለብሼ ስገባ ሴቶቹ ሐኪም የመጣ መስሏቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የምማረው የምግብ ሳይንስ ነው ባልኩ ቁጥር "ወጥ መሥራት ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬደሽ?" ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዳጣ የሌለበት የወላይታ ቤት የለም። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቅመሙ አንድ ላይ ተፈጭቶ ከሥጋ ጋር፣ ከጎደሬ ጋር፣ ከቂጣ ጋር ይበላል። እቤት ሲሠራ ትንሽ ትንሽ ነውና ሳይቆይ ያልቃል። ጠርሙስ ገብቶ ሱቅ ሲደረደር ግን ላዩ ይሻግታል። የማሸጊያው ባለቤት ሴት ናቸው፤ አባታቸው ከጉራጌ መጥተው ሶዶ የከበሩ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ወላይትኛውን ከእኔ አሳምረው ይናገራሉ። የሻገተ ጠርሙስ ከሱቅ በተመለሰባቸው ቁጥር ክዳኑን ከፍተው ያዩና ይደፉታል።

በሁለተኛው ሳምንት መፍትሔ አመጣሁ። ሻጋታ አየር ይፈልጋል ብዬ አስረዳኋቸው፤ አየሩን ብንከለክለው ይሞታል። ዳጣው ላይ ሁለት ጣት ያህል ዘይት አፍስሰን ክዳኑን አጠበቅን። ሳምንት አለፈ፣ ሁለት ሳምንት አለፈ፣ አንድ ጠርሙስ አልሻገተም። የማሸጊያው ባለቤት "የኔ ኢንጂነር" ይሉኝ ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች አንዱን በስጦታ ሰጡኝና ሁምቦ ላገባችው እህቴ ራሴ ይዤ ሄድኩ። የእህቴ አማት በሁለት እጃቸው ተቀብለው መረቁኝ። የከተማ እቃ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚከፈተው ብለው ቡፌው ላይ፣ ከሠርግ ፎቶው አጠገብ አቆሙት።

አንድ ሐሙስ ሪፖርቴን ለአማካሪ መምህሬ አቀረብኩ። እያነበበ ራሱን ሲነቀንቅ ነበር፤ ዘይቱ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። መለኪያው ተበላሽቷል አልኩት። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጨምራችኋል ወይ አለኝ። የለም። ጠርሙሶቹ የት ነው የሚቀመጡት? ሱቅ፣ መደርደሪያ ላይ።

"ነጭ ሽንኩርት ከአፈር ነው የሚወጣው" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አሲድ የለው፣ አየር የለው፣ ማቀዝቀዣ የለው። እዚያ ውስጥ ምን ይበቅላል?"

መልሱን ከእሱ እኩል አውቀዋለሁ። ቦቱሊዝም፤ አየር በሌለበት የሚያድግ ባክቴሪያ የሚተፋው መርዝ የሚያመጣው በሽታ። ሦስተኛ ዓመት ላይ በፈተና መጥቶ ሙሉ ማርክ ያገኘሁበት ጥያቄ ነው። መርዙ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። መጀመሪያ ዐይን ሁለት ሁለት ያያል፣ ቆቡ ይወድቃል፤ ከዚያ ምላስ ይከብዳል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ። ይህን ሁሉ ቁጥር ሰጥቼ በቆንጆ ጽሕፈት ጽፌዋለሁ። መምህሬ አንድም ጠርሙስ ሳይቀር ዛሬውኑ ሰብስቡ፣ ለበላ ሰው ሁሉ ንገሩ አለኝ። ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ማሸጊያው ሄድኩ።

ለማሸጊያው ባለቤት ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። ቁጭ ብለው ስልካቸውን አንስተው ባለሱቆቹን አንድ በአንድ ጠሩ። መርዝ ሊሆን ይችላል፣ እንዳትሸጡ፣ የገዛ ሰው ካወቃችሁ ንገሩት አሉ፤ ቃሉን ሳያለሳልሱ። ጉድጓድ አስቆፍረው እስከ አርብ ቀትር የተመለሰውን ሁሉ ቀበሩት። ጠርሙስ ከወሰዱት ሰዎች ዝርዝር ላይ ያልተነገረው አንድ ቤት ብቻ ቀረ። "ያንቺስ?" አሉኝ። እኔ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

እህቴ ጋ ደወልኩ። ስልኩ እስኪነሣ የምለውን አዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን "ሄሎ" ስትል ከኋላዋ የአማቷን ድምፅ ሰማሁ፤ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። እዚያ ቤት ስትገባ የሶዶ ልጅ ሞያ አታውቅም ተብላ ሁለት ዓመት አልቅሳለች። አሁን ገና ነው የተወደደችው። እህቷ መርዝ አመጣችልን ቢባልስ? ስለዚህ እንደ ቀላል ወሬ አድርጌ፣ ያ ዳጣ ተከፈተ ወይ አልኳት። ኧረ አልተከፈተም፣ ቡፌው ላይ እንዳለ ነው አለች። እሺ፣ እሁድ እመጣለሁ ብዬ ዘጋሁ። ተንፈስ አልኩ። ካልተከፈተ ምን ችግር አለው? ሄጄ በዘዴ እወስደዋለሁ፣ ማንም ሳይደነግጥ ያልፋል። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይህን ያለ ሰው የእህል መጋዘን ገብቶ አያውቅም።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ቀርቼ በጠዋት ወደ ሁምቦ ወረድኩ። ከሚኒባሱ ስወርድ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። የጋሪውን መንገድ በእግሬ ስሄድ የምለውን እያጠናሁ ነበር፤ ለላቦራቶሪ ናሙና ያስፈልገናል፣ በሌላ እተካዋለሁ እላለሁ። ደጃፉ ላይ አማቷ አቅፈው ሳሙኝ። ውስጥ ገበታው ቀርቧል። የተቀቀለ ጎደሬ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ መካከሉ ላይ ጠርሙሱ። ግማሽ ደርሷል። ትንሹ የእህቴ ልጅ ጎደሬውን እያጠቀሰ ይበላል፤ ከንፈሩ በዘይት ወዝቷል።

መቼ ከፈታችሁት አልኩ።

እህቴ ሳቀች። አርብ ዕለት ስደውል አማቷ ማን ነው ብለው ጠይቀዋት ነበር፤ እህቴ ናት፣ ዳጣውን ከፍታችሁት ወይ ብላ ነው አለቻቸው። ሴትዮዋ ደነገጡ። ልጅቷ ተቀይማለች፣ ስጦታዋን ሳንቀምስ አስቀምጠን ምን ትበለን፣ እሁድ መጥታ ታሽጎ እንዳታየው አሉ። ለራት ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ በየማዕዱ ከሱ እየበሉ ነው። እንደወደዱት እኔ መጥቼ እንድመለከት ብለው ነው።

የፈሩት ይደርሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ራሴ ደውዬ እንደጠራሁት ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ናሙና ምናምን ያልኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። የልጁን እጅ ይዤ ከገበታው አራቅሁት፤ አለቀሰ። ከዚያ በወላይትኛ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እንባዬ እየቀደመኝ። የእህቴ ባል ቂጣውን አስቀመጠ። አማቷ ጠርሙሱን አዩት።

"ይገድላል?" አሉኝ።

"ሊገድል ይችላል፣ እማማ።"

"መቼ አወቅሽ?"

"ሐሙስ።"

"ስትደውዪ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ክዳኑን ገጥመው ጠርሙሱን ከገበታው አነሡት።

ለመምህሬ ደወልኩ። ዐይን፣ ምላስ፣ መዋጥ፣ ትንሽ ለውጥ ካየሽ ሳትጠብቂ ሐኪም ቤት አድርሺ አለኝ፤ ቢያንስ ዐሥር ቀን ጠብቁ አለ። እዚያው ሰነበትኩ። የእህቴ ባል የሞተሩን ነዳጅ ሞልቶ ደጅ አቆመው፤ ክፉ ነገር ከታየ ሶዶ ወዳለው ኦቶና ሆስፒታል ሊበር። እኔ የሰው ዐይን ሳይ መዋል ሆነ ሥራዬ። አማቷ ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ጠርቼ እቀሰቅሳቸዋለሁ። ልጆቹን በየሰዓቱ ውሃ አጠጣቸዋለሁ፣ መዋጣቸውን ለማየት። በሦስተኛው ቀን ትንሹ ልጅ "ሁለት ዶሮ" አለ። ሮጬ ወጣሁ። ሁለት ዶሮዎች ነበሩ። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ ራሴን መቆጣጠር እስኪያቅተኝ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። እህቴ ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ አልሳቀችም፣ አልቀረበችኝም።

ዐሥሩ ቀን አለፈ። ማንም አልታመመም። ሶዶም ዳጣውን የበላ ሰው ታመመ ሲባል አልሰማንም። በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ የተረፈውን ዳጣ መምህሬ ሌላ ቦታ አስለክቶት አሲድነቱ ከሚያስፈልገው በታች ሆኖ ተገኘ፤ መርዙ ይኑርበት አይኑርበት የሚለይ መሣሪያ ግን በአቅራቢያችን አልነበረም። ስለዚህ ተርፈን ይሁን ከመጀመሪያውም ምንም ሳይኖር ቀርቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በዐሥራ አንደኛው ቀን አማቷ በቆሎ በፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ እግዜር አትርፎናል አሉ። እህቴ እስከ ጋሪው መንገድ ሸኘችኝ። ዐሥር ቀን ሙሉ ከሥራ ጉዳይ በቀር አላነጋገረችኝም ነበር። እንድትረዳኝ ስለፈለግሁ፣ ለአንቺ ብዬ ነው፣ እዚህ ቤት እንዳትዋረጂ ብዬ ነው ዝም ያልኩት አልኳት።

ፌስታሉን ከእጄ ወስዳ የላላውን ቋጠሮ አጠበቀችና መለሰችልኝ።

"ለኔ ልጆች ሳይሆን ፊት እንዳይጠቁርብሽ ነው የፈራሽው" አለችኝ።

ጋሪው መጣ፤ ወጣሁ። ፌስታሉን ጭኔ ላይ ይዤ ወደ ሚኒባሱ ሄድኩ።