አባባ ቃል ሲፈልጉ

ልጅ ሳለሁ፣ መርጡለ ማርያም አጠገብ ባለው መንደራችን፣ የአያቴ የአባባ ተረት የእኔ የብቻዬ ንብረት ይመስለኝ ነበር። ያኔ ከራት በኋላ፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ እየጨሰ፣ ፍሙም ገና ዐመድ ሳይለብስ፣ አባባ «ተረት ተረት» ሲሉ «የላም በረት» ብዬ የምመልስላቸው እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ከቀደመኝ አኮርፋለሁ።

አንድ ሰኔ አባባ በድንገት ወደቁ። ግማሽ ጎናቸው ሰነፈ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ደብረ ማርቆስ ያያቸው ሐኪም፣ አባቴ በዚህ ዕድሜ ምን ተስፋ አላቸው ብሎ ቢጠይቀው፣ «አንጎል እስከ እርጅናም ይማራል» አለው። «ጎርፍ መንገዱን ሲቆርጠው በሌላ በኩል እየተመላለሳችሁ አዲስ መሄጃ ታወጡ የለ? እሳቸውም ይመላለሱ። ይሞክሩ።»

እኔ ግን መሞከሩንም ነጠቅኋቸው። ገና «ተ…» ሲሉ ጥሪውንም ምላሹንም፣ በተረቱ ውስጥ ያሉትን ጅቡንም አህያይቱንም እኔው አንበለብለዋለሁ። የረዳኋቸው መስሎኝ! አባባ ያዩኛል።

ትምህርት ሲዘጋ የአጎቴ ልጅ የሺ ከሉማሜ ልትከርም መጣች። ተረቱን ስለማታውቀው አጠገባቸው ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። አንዲት ቃል እስክትወጣቸው ፍሙ ይከስማል፤ እሷ ንቅንቅ የለም። ነሐሴ ላይ አንድ ማታ «ጅ…ብ» አሏት። ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ እኔ በቅናት ድብን አልኩ። ዛሬ ለመናገሩም አፍራለሁ፤ ያኔ ግን ከየሺ ጋር ከሚያወሩ ጭራሽ ባይናገሩ በወደድኩ።

በማግስቱ ማታ አኩርፌ ጥግ ያዝኩ። አባባ በደህናው እጃቸው ጠሩኝ። ሄጄ እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም። ከንፈራቸው ብዙ ከታገለ በኋላ፣ እኔን እኔን እያዩ፣ «ተ…ረት… ተረት» አሉ።

ጠበቁኝ። ምላሹ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። የሺም የእኔ ድርሻ መሆኑን ስለምታውቅ አልቀደመችኝም። አባባ እንደገና ታገሉና እሳቸው ራሳቸው መለሱልኝ፦

«የላ…ም… በረት።»

ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖሩ፤ እየተደናቀፉም ቢሆን ተረታቸውን ለሁላችን ነገሩን። እኔ ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ መልስ ሲጠፋው አፌን ይበላኛል፤ ግን እጠብቀዋለሁ። መምህራኑ ትዕግሥቴን ከማን እንደተማርኩት ሲጠይቁኝ ከአያቴ ነው እላለሁ። ከየሺ ነው ለማለት ይህን ሁሉ ዘመን ሞከርኩ፤ አንደበቴ እስከ ዛሬ እንደተያዘ ነው።