ግትሩ ሳህን

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ መጨረሻ አካባቢ፣ ሰኔ ላይ ነው። ያን ጊዜ እስቴ ውስጥ፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ የገጠር ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበርኩ። ታሪኩን ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ። ሳወራው ደግሞ ጀግናው ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ። ከዓመታት በኋላ ግን አንድ ቄስ የማላውቀውን ግማሹን ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል።

መጀመሪያ ስለ ሳህኖቹ ልንገራችሁ። መካነ ኢየሱስ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ሦስት የፕላስቲክ ሳህኖች ሰጠኝ። የሚበላባቸው አይደሉም፤ የሚወረወሩ ናቸው። በእሱ አገር ሰዎች ሜዳ ላይ ቅርጫት ይተክሉና ሳህኑን ከሩቅ እየወረወሩ በጥቂት ውርወራ ለማስገባት ይወዳደራሉ። እኔም ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካሉት ባሕር ዛፎች በአንዱ ላይ አሮጌ እንቅብ አሰርኩና ልምምዴን ጀመርኩ።

የአካባቢው ሰው ምን እንዳለኝ መገመት አያቅታችሁም። ቄስ መንበሩ የሚባሉ የደብሩ አገልጋይና ጎበዝ ገበሬ አንድ ቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «መምህር፣ እንጀራውን ጨርሰህ ሳህኑን ትወረውራለህ እንዴ?» አሉኝ። አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁብኝ። እኔም ከመሳቅ ሌላ ምርጫ አልነበረኝም።

ከሦስቱ ቢጫው ቀላልና ተንሳፋፊ ነው፤ ነጩ ለቅርብ ይሆናል። ቀዩ ጠርዙ ወፈር ያለ፣ ጠንካራ ነው። ፈረንጁ እሱን ሲሰጠኝ፣ «ይኼን መጀመሪያ ትጠላዋለህ፤ ነፋስ ሲመጣ ግን ትወደዋለህ» ብሎኝ ነበር።

እውነትም ጠላሁት። ቀጥ አድርጌ ስወረውረው ገና መንገዱን ሳያጋምስ ወደ ግራ ይታጠፍና የሰው ገብስ ውስጥ ይገባል። ብለምነው ብቆጣው ያው ነው። ስሙን ግትሩ አልኩትና ሳጥን ውስጥ ጣልኩት። በበጋው ግን አንድ ቀን ነፋስ ፊት ለፊት እየመጣ ቢጫውን በጀርባው እየገለበጠ አስቸገረኝ። እልህ ይዞኝ ግትሩን አወጣሁ። ነፋሱን እየሰነጠቀ ቀጥ ብሎ ሄደና መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ግራው አጠፍ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባዩን አጠናሁት። ዝቅና ጠፍጠፍ አድርገህ ትወረውረዋለህ፤ የምታነጣጥረው የምትፈልገው ቦታ ላይ ሳይሆን ከዚያ በስተቀኝ ነው፤ ደግሞ ነፋሱ ረጋ ብሎ ከፊት መምጣት አለበት። ጸጥ ባለ አየር ያው ገብስ ውስጥ ነው የሚገባው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የስምንተኛ ክፍል ኃላፊም እኔ ነበርኩ። ከተማሪዎቼ አንዷ አትጠገብ የምትባል የቄስ መንበሩ ልጅ ናት። ጎበዝ ናት፤ ሒሳብ ላይማ መምህሩን የምታርም ዓይነት። ለእሷ ደህና ቤት ካለው ሰው ሽማግሌ ተልኮ ነበር። አባቷ ለሽማግሌዎቹም ለእኔም የሰጡት መልስ አንድ ነው። «ፈተናውን ካለፈች ትማር። ካልሆነላት ዓመት የምጠብቅበት ነገር የለኝም» አሉ። እኔም ታልፋለች ብዬ ስላልተጠራጠርኩ በነገሩ አልተከራከርኩም።

ፈተናው የሚሰጠው ከወንዙ ማዶ ባለው ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። በአገራችን የፈተና ዋዜማ እስክሪብቶና የመፈተኛ ካርድ ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ማስጸለይ የተለመደ ነው። አትጠገብ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አላስፈለጋትም፤ ካህኑ ቤቷ ናቸው። አባቷ ካርዷን ተቀብለው ዳዊታቸው ውስጥ አስገቡና ሲደግሙበት አመሹ። ከዚያም ዳዊቱን እንደ ልማዳቸው ማኅደሩ ውስጥ ከተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ልጅቱ ጎሕ ሳይቀድ ከጓደኞቿ ጋር ወጣች። እሷ አባቴ ደብተሬ ውስጥ መልሰውልኛል ብላለች፤ እሳቸው ደግሞ ወስዳለች ብለዋል።

ጠዋት ዳዊቱን ሊደግሙ ሲገልጡት ካርዱ ከመሐል ወደቀ። ቄስ መንበሩ በዚያ ዕድሜያቸው ቤቴ ድረስ እየሮጡ መጡ።

«አንተ መምህር፣ ጉድ ሆኛለሁ! ካርዷ ይኸው!»

ፈተናው የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ነው። ወደ ወንዙ ተያይዘን ወረድን። ልጆቹ ሌሊት ድንጋይ በድንጋይ እየረገጡ የተሻገሩት ወንዝ ግን የለም። ሌሊቱን ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ ደራሽ ወርዶ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። ወርዱ የኳስ ሜዳ ወርድ ያህላል። ድልድዩ ያለው ደግሞ ከላይ በኩል የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው።

ማዶ አትጠገብ ቆማለች። ፈተናው ቦታ ደርሳ ደብተሯን ስትገልጥ ካርዱን አጥታ እየሮጠች ተመልሳለች። ድምፃችን አይሰማም፤ ውሃው ያጓራል። እኔ ካርዱን ወደ ላይ ሳሳያት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

ዳር ላይ ከብት ሊያሻግሩ መጥተው የቀሩ አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዱ አያ ደምሌ ዝንጀሮ የሚያባርሩበትን ወንጭፍ ከወገባቸው ፈቱ። «ድንጋይ ላይ ጠቅልላችሁ ስጡኝ፤ እኔ አደርሰዋለሁ» አሉ። ማድረስ እንኳ ያደርሱት ነበር፤ ዝንጀሮ ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ በተራ ወረቀት ይሞከር አልኩ። ከኪሴ ወረቀት አውጥተን ድንጋይ ላይ ጠቅልለን አሰርነው። ድንጋዩ ማዶ ደረሰ። ወረቀቱ ግን ገና ከወንጭፉ ሲወጣ ተተርትሮ ውሃው ላይ ሲበታተን አየነው። አያ ደምሌ ሁለተኛ እንሞክር አላሉም።

ያን ጊዜ ነው ሳህኖቹ ትዝ ያሉኝ። ትምህርት ቤታችን ከወንዙ በላይ ዳገቱ ላይ ነው። በሩጫ ወጣሁና ቢጫውን፣ ቀዩን፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ውስጥ ያለውንም የቁስል ፕላስተር ይዤ ወረድኩ።  ቄስ መንበሩም ሳህኖቹን አይተው እንደ ያን ጊዜው አልቀለዱብኝም።

ልቤ ወደ ቢጫው አደላ። ሩቅ የሚሄደው እሱ ነው፤ እጄም የለመደው እሱን ነው። ካርዱን ሳላስርበት ለሙከራ ወረወርኩት። ከወንዙ መሐል አልፎ ሲሄድ ሰዎቹ «ደረሰ!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ከማዶ ነፋስ መጣና ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ አነሣው፤ በጀርባው ገልብጦ ወደ እኛ መለሰውና ደራሹ ውስጥ ጨመረው።  ካርዱን አስሬበት ቢሆን ኖሮ አለቀ ማለት ነው።

የቀረኝ ግትሩ ነው። ካርዱን በፌስታል ጠቅልዬ ከሆዱ ልክ መሐል ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት፤ ወደ አንድ ጎን ካደላ ያዛባዋል። ከዚያ ከአትጠገብ በስተቀኝ ራቅ ብሎ ወደ ቆመው ሾላ ዞሬ ቆምኩ።

«ወዴት ነው? ልጅቱ እኮ ወዲያ ናት!» አሉ አያ ደምሌ።

«አውቃለሁ አያ። ይኼ ወደ ግራው የሚመለስ ነው።»

«ይመለሳል ይላል እንዴ! ሳህን በቅሎ ነው?»

የሚያስፈራኝ ግን እሱ አልነበረም። ነፋሱ ነው። አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ጸጥ ይላል፣ አንዴ ከጎን ይመታል። ጸጥ ሲል ብወረውረው መንገድ ላይ ታጥፎ ወንዝ ይገባል። ከጎን ሲመታ ከወረወርኩትም የት እንደሚወስደው አላውቅም። ረጋ ያለና ከፊት የሚመጣ ነፋስ ያስፈልገኛል፤ መቼ እንደሚመጣ ግን ስፖርት መምህር ከየት ያውቃል?

ቄስ መንበሩ ያውቃሉ። አውድማ ላይ እህሉ ከገለባው እንዲለይ ለነፋስ ሲዘራ ጎረቤት ሁሉ መንሹን ከማንሣቱ በፊት እሳቸውን ነው የሚጠይቀው። ነፋሱን በጉንጫቸው ይለዩታል ይባላል። «አባቴ፣ ከፊት የሚመጣና የሚረጋ ነፋስ ነው የምፈልገው። ሲመጣ ይንገሩኝ» አልኳቸው። እሺ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጠበቅኩ። አንድ ነፋስ መጣና ጋቢያቸውን ወደ ኋላ ይዞት ቆየ። ዞሬ አየኋቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ። ይኼም አይደለም ማለት ነው ብዬ እጄን አወረድኩ። ነፋሱ አለፈ፤ ጸጥ አለ።

ከዚያ አትጠገብ ጫማዋን አወለቀች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ውሃው ውስጥ አስገባች። ሁላችንም በአንድ ላይ ጮኽን፤ አያ ደምሌ ዱላቸውን እያወናጨፉ «ተመለሽ! ተመለሽ!» አሉ። ውሃው ጉልበቷን ሲመታት ተንገዳገደችና እንደ ምንም ቁጥቋጦ ይዛ ተመለሰች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

«መምህር» አሉ ቄስ መንበሩ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ተዘጋጅ።»

እጄን አነሣሁ።

«ይኸ አይደለም፤ የሚዞር ነው… ይኸም አይደለም… ቆይ… ቆይ… አሁን!»

ወረወርኩ። ግትሩ ዝቅ ብሎ፣ ውሃውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሾላው ሄደ። አያ ደምሌ «ሄደ፣ በቃ ሄደ!» አሉ። እኔም ለአንድ አፍታ ዛሬ ግትርነቱን የተወ መሰለኝ። ከዚያ ወንዙን ጨርሶ ሲወጣ ወደ ግራ ታጠፈ። ታጥፎ ታጥፎ አትጠገብ ከተቀመጠችበት አሥር እርምጃ ያህል በላይ ሣሩ ላይ ዐረፈ።

ፕላስተሩን እንኳ አልላጠችውም። ሳህኑን እንዳለ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ዳገቱን ስትወጣ አየናት። ቄስ መንበሩ ዳሩ ላይ ተንበርክከው ነበር። እኔና አያ ደምሌ ተቃቅፈን እንደ ሕፃን ዘለልን።

ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ነው የደረሰችው፤ ፈታኙ ግን ደህና ሰው ኖሮ አስገባት። ካርዱን ከሳህን ላይ እየላጠች ስትሰጠው ምን እንዳለ እስካሁን ትስቅበታለች። አለፈች። ዘጠነኛና አሥረኛን መካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይታ ተማረች፤ ቀጥላም በአዋላጅ ነርስነት ተመረቀች።

ለምርቃቷ ድግስ ተጠርቼ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ፣ ከዳዊቱ ማኅደር አጠገብ፣ ግትሩ በገመድ ተሰቅሏል። እንግዳው ሲቀንስ ቄስ መንበሩ እጄን ይዘው ደጅ አወጡኝ።

«መምህር፣ የዚያን ለት ነፋሱ ሁለት ጊዜ ነው የመጣ» አሉኝ።

አልገባኝም።

«መጀመሪያ ስትጠይቀኝ መጥቶ ነበር። ለአውድማ የሚሆን፣ ረጋ ያለ ነፋስ። አውቄው ዝም አልኩህ። ካርዱን ይዤ ስሮጥ እውነቴን ነበር። ወንዙን ሞልቶ ሳየው ግን ‹መንገዱን የዘጋው እግዜር ነው› አልኩ በሆዴ። ለሽማግሌዎቹም እሺ ማለቱ ቀለለኝ። ኋላ እግሯን ውሃ ውስጥ ስትከት አየሁ።»

 እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀጥሎ ግን ይኼን ነገር ይዘው ስንት ዓመት እንደተኙ ሳስብ አንጀቴን በሉት። ማንም ያላየውን ነገር ነው በገዛ አፋቸው የነገሩኝ።

«ሁለተኛው ባይመጣስ ኖሮ?» አሉ።

«መጣ እኮ፣ አባቴ።»

«መጣ» አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከውስጥ አትጠገብ ምግቡ ቀዘቀዘ እያለች ትጣራ ነበር።

ያን ታሪክ አሁን ሳወራው የእኔን ክንድ ብዙ አላነሣም። ሰው አንዴ ዝም ካለ በኋላም መናገር እንደሚችል ስላየሁ ደስ ይለኛል፤ ከተማሪዎቼ ወላጆች ጋር ስነጋገርም ቶሎ ተስፋ አልቆርጥም። ቄስ መንበሩ ግትሩን ውሰደው ብለውኝ ነበር። እዚያው ይሰቀል አልኳቸው።