የዳዊት ሁለት የበረዶ ሞተሮች

ባለፈው ማክሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ሜልበርን ዳር፣ ላቨርተን ኖርዝ በሚባል ሰፈር በምሠራበት መጋዘን፣ አብሮኝ የሚሠራው ቢንያም ስልኩን የውሃ ጠርሙሱ ላይ አስደግፎ ቪዲዮ ያያል። ተራራ ላይ ሁለት የበረዶ ሞተሮች ሲፎካከሩ ያሳያል፤ አንድ ፈረንጅ የአንዱን ጉልበት ከሌላው አያያዝ ጋር ያወዳድራል። ቢንያም የዕቃ ማንሻውን መኪና፣ ፎርክሊፍቱን፣ ነው የሚነዳው። ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ይማርከዋል።

«እትዬ ውብነሽ፣ ይሄን ይዩልኝ እስቲ» አለና ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። «ጉልበቱ ከእኔ መኪና ይበልጣል እኮ። ዳገቱን እንዴት እንደሚወጣው ይዩት።»

ማንኪያዬን እንደያዝኩ አየሁት። «ዳገቱንስ ወጣው» አልኩት። «ቁልቁለት ላይ፣ ዛፍ መሃል፣ መሪው ይታዘዛል ወይ?»

ቀና ብሎ አየኝ። እሱ የሚያውቀኝ ሣጥን ላይ መለያ ስለጥፍ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ ወንበር ስፈልግ፣ እሁድ እሁድ ነጠላ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ስመጣ ነው። «እርስዎ ደግሞ ይሄን ከየት አወቁት?» አለኝ። ድሮ ተራራ ላይ ሠርቼ ነበር ብዬ አለፍኩት። የምሳ ዕረፍታችን አልቆ ተነሣን። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ግን እጄ ሣጥን ያነሣል እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም።

ነገሩ ከሆነ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ዳዊትን ያገኘሁት ሰንሻይን በሚባለው የሜልበርን ሰፈር፣ ለአዲስ መጤዎች እንግሊዝኛ በሚሰጥበት ክፍል ነው። ሁለታችንም የመጣነው በሱዳን በኩል ነው። እኔ ካርቱም ሰው ቤት ሠርቻለሁ፤ እሱ ገዳሪፍ የጭነት መኪና ሲጠግን ዓመታት አሳልፏል። እንግሊዝኛው እምቢ ብሎት ነበር። መምህሯ ስታነብ እሱ የሚያዳምጠው የክፍሉን ማሞቂያ ነው። አንድ ቀን በትምህርቱ መሃል ተነሣና ማሞቂያውን ፈታው፤ አቧራውን አራግፎ፣ አንዲት ብሎን አጥብቆ መልሶ ገጠመው። ሲንጫጫ የከረመው ማሞቂያ ጸጥ አለ። ዳዊት ምንም እንዳልሠራ ሰው ቦታው ተመልሶ ተቀመጠ። እኔ ከዚያን ቀን ወዲህ ዐይኔን ከእሱ ላይ መንቀል አቃተኝ።

በዓመቱ ቀለበት አሰርን። ሠርጉን ለጥር አሰብን፤ ነገር ግን ሁለታችንም ቋሚ ሥራ አልነበረንም፣ ያለ ቋሚ ሥራ ደግሞ ቤት የሚያከራየን አላገኘንም። ሰኔ ላይ ሰዎች ተራራ ላይ የክረምት ሥራ እንዳለ ነገሩን። ከሜልበርን አራት ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬድ፣ ሰዎች በበረዶ ላይ ሊንሸራተቱ የሚመጡበት ቦታ ነው። ግሬም የሚባል ሽማግሌ እዚያ የእንግዳ ማረፊያ ነበረው። እኔን ለወጥ ቤት፣ ዳዊትን ለጋራዡ ቀጠረን።

መንገዱ አሁንም ዐይኔ ላይ አለ። መጀመሪያ በግ የተበተነበት ሜዳ፣ ቀጥሎ ጠመዝማዛ ዳገት፣ ከዚያ ነጭ። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባ ዙሪያ ሳየው ያደግሁት ዛፍ ነው። እዚያ በረዶ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ሳየው፣ የማውቀውን ሰው ባዕድ ልብስ ለብሶ ያገኘሁት መሰለኝ። በእኛ ቋንቋ ከሰማይ የሚወርደውም በረዶ ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም በረዶ ነው። ተራራው ላይ ግን ጠዋት እንደ ጨው ይንኮሻኮሻል፣ ቀትር ላይ እንደ ሊጥ ጫማ ይይዛል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እንደ መስታወት ያንሸራትታል። ዳዊት ይህን በሳምንት ውስጥ በእግሩ ለየ። «ለሰው አንድ ተራራ ነው» ይል ነበር፤ «ለማሽን ግን በየሰዓቱ ሌላ ነው።»

ሥራው የበረዶ ሞተሮቹን መጠገን ነበር። ከፊት ሁለት እግር አላቸው፣ ተንሸራታቾቹ ጫማቸው ላይ እንደሚያስሩት ረጅም ጣውላ የሚንሸራተት፤ ከታች ሰፊ የጎማ ቀበቶ ይሽከረከራል። ዕቃ ያመላልሳሉ፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ሲኖርም የሚወጡት እነሱ ናቸው። የነበሩት አርጅተው ስለነበር ግሬም ለመጪው ዓመት ሦስት አዲስ ሊገዛ አሰበ። ሻጮቹም እንዲሞክራቸው ሁለት ዓይነት አመጡለት፤ አንዱ ትልቅ ጥቁር፣ ሌላው ትንሽ ቢጫ። ግሬም ዳዊትን ጠራና፣ እኔ እያስተረጎምኩ፣ «ሁለት ሳምንት ውሰድ። ሁለቱንም ንዳቸው፣ ፍታቸው፣ ከዚያ የትኛውን ልግዛ የሚለውን በጽሑፍ ስጠኝ» አለው።

እነዚያ ሁለት ሳምንታት ከእሱ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀኖች ሁሉ ደስ የሚሉኝ ናቸው። ከምሳ በኋላ የሁለት ሰዓት ዕረፍት ነበረኝ። ማሽን ሰው ሲጭን ጠባዩ ይለወጣል እያለ ከኋላው ያፈናጥጠኝ ነበር። ጥቁሩ ሲነሣ ሆዴ ወደ ኋላ ይቀራል። ዳገቱን ሽቅብ ሲበላው በረዶው እንደ ጭድ ከኋላችን ይበተናል፤ ዘይትና ቤንዚን የተቀላቀለ ጭስ ልብሴ ውስጥ ገብቶ እስከ ማታ ወጥ ቤት ድረስ ይከተለኛል። ቢጫው ያንኑ ዳገት ሲወጣ ያቃስታል። አንዳንዴ መሃል ላይ ይቆማል፣ ወርደን እየገፋን እንስቃለን። ቁልቁል ስንመለስ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ዳዊት ወገቡን ትንሽ ዘንበል ሲያደርግ ቢጫው ዘወር ይላል። በሁለት ዛፎች መሃል በውሃ ላይ እንዳለን ሆነን እናልፋለን። ጥቁሩን እዚያ ሲያስገባው መሪውን ያዞራል፣ ማሽኑ ግን ለአፍታ ቀጥ ብሎ መሄዱን አይተውም።

«አየሽው?» አለኝ አንድ ቀን፣ ጥቁሩን ዛፍ አጠገብ አቁሞ። ትንፋሹ ይጨሳል። «ጉልበት ዳገት ላይ ይታያል። ጠባይ ግን የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ነው። ይሄኛው ሲከብደው አይሰማም።»

«ታዲያ ለምን ሁሉም ይሄን ይወደዋል?»

«ሜዳ ላይ ስለሚነዱት።»

እውነትም ሁሉም ጥቁሩን ይወደው ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግሬም። ጠዋት ቡናውን ይዞ ጋራዥ ይገባና መቀመጫውን ይደባብሳል። በዚያው ሰሞን ወጥ ቤት ውስጥ ወሬ ሰማሁ። ክረምቱ ሲያልቅ ግሬም ከጋራዡ ሠራተኞች አንድ ሰው ብቻ ቋሚ አድርጎ ያስቀራል ተባለ።

ወረቀቱን ልንጽፍ የተቀመጥነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በሠራተኞቹ ምግብ ቤት ነው። ከሰንሻይን በማሰሮ ይዤው የሄድኩትን ሽሮ ሠርቼ በዳቦ በልተናል። ዳዊት ያየውን በአማርኛ ይነግረኛል፤ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። የነዳጁን ነገር ነገረኝ፤ የክብደቱን፤ ቀበቶው በረጠበ በረዶ ላይ እንዴት እንደሚሆን። በመጨረሻ «እንግዲህ ቢጫውን ግዛ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። «ዳዊት፣ ሰውየው ጥቁሩን እንደሚወድ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«የሚወደውን ከነገርከው ያስቀርሃል። ጥር ስንት ወር ቀረው?»

«ውቤ፣ ይሄ ማሽን ዛፍ መሃል አይታዘዝም። ሰው ፍለጋ የሚወጣው ደግሞ ዛፍ መሃል ነው።»

«ለሌላው አይታዘዝ ይሆናል፤ ለአንተ ይታዘዛል። ከአንተ በላይ ማን ይነዳዋል?»

ይህን ያልኩት ላሞካሸው አልነበረም፣ አምኜበት ነው። ያኔ ዳዊት ማንኛውንም ሞተር የሚያሸንፍ ሰው ይመስለኝ ነበር። እሱ ሳህኑ ላይ የቀረውን ሽሮ በዳቦ ጠርጎ በላ፣ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። «የቋንቋው ባለቤት አንቺ ነሽ» አለ በመጨረሻ። «እንዳልሽው ጻፊው።» እኔም ጥቁሩ ይሻላል ብዬ ጻፍኩ። በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድም ስርዝ ሳይኖረው። እሱ ከታች ፈረመ።

ግሬም ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ «እንግዲያው እንደዚያ ይሁን» አለ። ቢጫው በሳምንቱ ወደ ሻጩ ተመለሰ። ጥቁሩ ከዚያው ክረምት ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ጉም ወረደ። አጥሩ እንኳ ከመስኮት አይታይም። ባልና ሚስት እንግዶች ከተንሸራታቾቹ መስመር ወጥተው ወደ ወንዙ በኩል፣ ጥቅጥቅ ወዳለው ዛፍ እንደገቡ ተነገረ። ከአሮጌዎቹ ማሽኖች አንዱ ተበላሽቷል፣ ሌላው ዕቃ ሊያመጣ ወርዷል። ዳዊት ጥቁሩን አስነሣ። በወጥ ቤቱ በር ብቅ ብሎ «ሾርባ አስቀምጪልኝ» አለኝና ጓንቱን እያጠለቀ ሄደ። የሞተሩ ድምፅ ጉሙ ውስጥ እየቀጠነ ሲሄድ ሰማሁት።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሁለቱ እንግዶች በእግራቸው መጡ። ዛፍ ለዛፍ ወርደው የታችኛውን መንገድ አግኝተው ኖሯል። ሴትየዋ ትንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ ልብስ ደረብኩላት፣ ለሁለቱም የዱባ ሾርባ ቀዳሁላቸው። «የሚፈልጋችሁ ሰው አጋጥሟችሁ ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ሞተር ሰምተናል አሉ፤ ከዚያ ድምፁ ቆመ አሉ። ሰውየው ይህን ብሎ ማንኪያውን ወደ አፉ ወሰደ። እኔ ጭልፋውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

የነፍስ አድን ሠራተኞች ዳዊትን ያገኙት፣ ዕቃ ሊያመጣ ወርዶ በተመለሰው አሮጌ ማሽን ዱካውን ተከትለው ነው። ከእነሱ አንዷ በማግሥቱ አጠገቤ ተቀምጣ፣ እንዳውቀው ብላ ይሁን ልታጽናናኝ ብላ አላውቅም፣ ያየችውን ነገረችኝ። ቁልቁለቱ ላይ መሪውን በጊዜ አዙሮ ነበር፤ የፊት እግሮቹ ምልክት ጠምዝዟል። ማሽኑ ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ ተገልብጦ፣ ከባሕር ዛፉ ጋር አጣበቀው። «የሠራው ስህተት የለም» አለችኝ። አዎ፣ እሱ አልተሳሳተም።

የቀበርነው ሜልበርን ነው። እናቱ አገር ቤት ነበሩ። ስልክ ያለው ጎረቤት ዘንድ አስጠርቼ መርዶውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ለረጅም ጊዜ ሲያለቅሱ ቆዩና «ልጄ፣ አንቺ አጠገቡ ስለነበርሽ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉኝ። ይህን ምስጋና ተቀብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ግሬም ለቀብሩ ያን ሁሉ መንገድ ነድቶ መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ ከወንዶቹ ኋላ ቆሞ ጸሎተ ፍትሐቱን ተከታተለ። ሲወጣ ጠራኝ። ዐይኑ ቀልቷል።

«እኔ ያንን ጥቁር ማሽን እንደምወደው ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር» አለኝ። «ዳዊትን የጠየቅሁት ለዚያ ነው። ሌሎቹ ደስ የሚለኝን ይነግሩኛል፤ እሱ አይዋሽም። ትንሹ ይሻላል የሚለኝ መስሎኝ ነበር፣ ያን ቢለኝ ያንኑ እገዛ ነበር። ወረቀቱን ሳነብ ገረመኝ፤ እሱ ካለ ግን አመንኩ።» ቀጥሎም «ቋሚ ሥራውን ደግሞ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ወስኜለት ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ልነግራችሁ ነበር» አለኝ።

የመለስኩለትን አላስታውስም። ምናልባት ስለመጣህ አመሰግናለሁ ብዬው ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የማን ሐሳብ እንደሆነ አልነገርኩትም። ያን ዕለት አልነገርኩትም፣ በኋላም ደብዳቤ ልጽፍለት ብዬ ሳልጽፍ ኖርኩ። አሁን በሕይወት የሚኖር አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሕይወት እንደሚሆነው ሆኗል። ከስድስት ዓመት በኋላ ተፈራን አገባሁ፤ ደግ ሰው ነው፤ ዳዊት የሚባል እጮኛ እንደነበረኝና እንደሞተ ያውቃል። ፖይንት ኩክ በሚባል ሰፈር ቤት ገዝተን ሁለት ልጆች አሳድገናል። ወረቀቱን ግን ለተፈራም አልነገርኩትም ነበር። ያን ማክሰኞ ከሥራ ስገባ ለራት ሽንኩርት እየከተፈ አገኘሁት፤ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ፣ የወጥ ቤቱ በር ላይ እንደቆምኩ ነገርኩት። ሽንኩርቱን ትቶ እስክጨርስ ሰማኝ።

«ውብነሽ፣ ትንሹም ማሽን ቢሆን ሊንሸራተት ይችል ነበር» አለኝ። «ጉም ነበር፤ ቁልቁለት ነበር። የሞት ሰበብ አይታወቅም።»

ልክ ሊሆን ይችላል። እኔም ለራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ። ቀኑ ደርሶ ከሆነ በቢጫውም ይሞት ነበር ይሆናል። ወጣት ነበርኩ፤ የፈለግሁትም እሱን ቤቴ ማየት ብቻ ነበር፤ በክፋት ያደረግሁት ነገር አልነበረም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፣ ንስሐ አባቴም ይህንኑ ይነግሩኝ ይሆናል። የማይለቀኝ ግን ሌላ ነው። ዳዊት እንግሊዝኛ ባይችልም አንድ ነገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ በዚህ አገር ያን ያወቀውን የጠየቀው ሰው ግሬም ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ። ሞቱን ላስቀርለት እችል ነበር ወይ የሚለውን እግዚአብሔር ያውቃል። ቢሞት እንኳ የሚያምንበትን ተናግሮ እንዲሞት ማድረግ ግን በእጄ ነበረ።