የጋሽ ጉደታ ማርካ

ጉርድ ሾላ ካለው ሱቄ አጠገብ አንድ ጫማ ጠጋኝ አለ። ባለፈው ሳምንት አዲስ የማስቲሽ ቆርቆሮ ሲከፍት ሽታው በሬን አልፎ ገባ። እኔ የምሸጠው ጫማና ቦርሳ ነው። በዚያች ደቂቃ ፊቴ የቆመ አንድ ጎረምሳ የስፖርት ጫማ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ እያገላበጠ «እትዬ፣ ኦርጅናል ነው?» አለኝ። በቀን ሃያ ጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ ነው። መልሱም ምላሴ ላይ ተቀምጦ የሚውል ነው፤ «በዚህ ዋጋ?» እላለሁ፣ ጠያቂው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ፣ ጫማው ይሸጣል። ያን ቀን ግን ማስቲሹ ቀደመኝ። ለልጁ ሳልመልስለት ሐሳቤ ወደ ቦሌ፣ ወደ ጋሽ ጉደታ የጣውላ ቤት ሄደ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ስኳር በኩፖን፣ ጨርቅ በሰልፍ ነው። ማርካ የሚባለው ነገር ከሱቅ መደርደሪያ ጠፍቶ በሰው አፍ ብቻ የቀረበት ጊዜ ነበር። ቤታችን ከኤርፖርቱ ጀርባ ነው፤ ከቤታችን ጥቂት ራቅ ብሎ ላሞችና ጎልፍ ተጫዋቾች አብረው የሚጠቀሙበት ሰፊ ሜዳ ነበር። ላሞቹ ቀድመው የመጡ ስለሆኑ ቅድሚያው የእነሱ ነው፤ ካፒቴንም ይሁን አምባሳደር፣ ላሟ እስክታልፍ ዱላውን ተደግፎ ይጠብቃል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር በየስብሰባው «የአድሃሪ ጨዋታ» እያለ ይኮንነዋል። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ የቤቱን አጥር ተደግፎ ማን እንደሚያሸንፍ ይከታተላል።

ጋሽ ጉደታ የዚያው አካባቢ ተወላጅ ነበሩ። ሜዳው የጎልፍ ከመሆኑ በፊት አባታቸው ፈረስ ያሰማሩበት እንደነበር ሁሉም ያውቃል፤ እሳቸው ግን አያነሱትም። ሥራቸው የጎልፍ ዱላ መጠገን ነበር። ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ጎልፍም አንድ ቀን ተጫውተው አያውቁም። የሚሠሩባት ቤት ከካርጎ በወጣ የዕቃ ሳጥን ጣውላ የተሠራች ናት። ግድግዳዋ ላይ በእንግሊዝኛ «ይህ ወገን ወደ ላይ» የሚል ጽሑፍና ቀስት ነበረባት፤ ጣውላው ተዘቅዝቆ ስለተመታ ቀስቱ መሬት መሬቱን ያመለክታል። ውስጧ አንድ ሞርሳ፣ የሞረድ ዓይነት፣ በጠርሙስ ቤንዚን፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ የተቆራረጠ ጥብጣብ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ ያ ማስቲሽ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቷን ከማየቴ በፊት አፍንጫዬ መድረሴን ይነግረኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በደጃፏ ያለው አግዳሚ በጎልፈኞች ይሞላል። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሚጀመረው ሌላ ጨዋታ፣ የማን አገር ዱላ ይበልጣል የሚለው ክርክር ነው። ማርካዎቹን በስማቸው የሚጠራ አልነበረም፤ ብረቱ ላይ በተቀረጸው ሥዕል ነው። የእንግሊዙ ባለ ፈረስ፣ የአሜሪካኑ ባለ ደወል፣ የጃፓኑ ባለ ዓሣ ይባላል።

«ባለ ደወል ኳስ ያርቃል እንጂ አቅጣጫ አያውቅም» ይላል ሐኪሙ።

«አቅጣጫ የማያውቀው ዱላው ነው ወይስ ዶክተር?» ይላል ካፒቴኑ፣ የራሱ ዱላ ባለ ደወል ስለሆነ።

«ዓሣውስ?»

«ዓሣውን ተወው። ጃፓን ሬዲዮ ትሥራ።»

ባለ ፈረስ ሲነሳ ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ስለ ባለ ፈረስ ክፉ የተናገረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ኋላ ነጋዴ ስሆን እንዳየሁት፣ ሰው አጥብቆ የሚያከብረው በእጁ ይዞ የማያውቀውን ማርካ ነው። ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል ባለ ፈረስ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አባቴ።

አባቴ የካርጎ ጸሐፊ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ በጥድፊያ ከአገር ከወጣ አንድ ፈረንጅ ላይ ዘጠኝ ዱላ ከነከረጢቱ ገዝቶ፣ ጎልፍን ከዳር ቆሞ በማየት የተማረ ሰው ነው። እሑድ ጠዋት ዱላዎቹን አልጋ ላይ ደርድሮ ፈረሶቹን አንድ በአንድ በመሐረብ ይወለውላል። ካፒቴኑ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሸጥለት ለምኖታል። «ካፒቴን፣ አውሮፕላኑን ቢጨምሩበት እንኳ» ይለዋል አባቴ፤ ቀጥሎም በዚያው ዱላ ያሸንፈዋል።

ጋሽ ጉደታ በክርክሩ አይገቡም። ለጥገና የመጣ ዱላ ሲቀበሉ መጀመሪያ የሚያደርጉት ማርካው ያለበትን ቦታ በጥቁሩ ላስቲክ መጠቅለል ነው። ለምን ሲባሉ «ስሙ እያየኝ አልሠራም» ይላሉ። ከአገር የሚወጣ ሰው ዱላ ሲሸጥ ግን ያለ እሳቸው ቃል የሚገዛ አልነበረም። ብረቱን በጥፍራቸው መታ አድርገው ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ፣ የተጣበቀበትን ያሸታሉ፣ ከዚያ አንድ ቃል ይናገራሉ፦ «ያዘው» ወይም «ተወው»። ማስረዳት የለም። ያ ቃል እንጀራቸው ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢዋሽ አግዳሚው ባዶ ይቀራል።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ታሞ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሞተ። እኔና ሁለት ታናናሾቼ ከእናቴ ጋር ቀረን። እናቴ ሹራብ መሥራት ትችላለች፤ ማሽን ግን የላትም። የሰፈራችን አንዲት ሴት ባሏ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የሹራብ ማሽኗን ልትሸጥ ነበር፤ እስከ ሰኞ ካልተወሰደላት ጭናው እንደምትሄድ ነግራናለች። ማሽን በዚያ ጊዜ በገንዘብም የማይገኝ ዕቃ ነው። እናቴ ለካፒቴኑ ላከችበት። እሱም ቅዳሜ ጋሽ ጉደታ ጋ አድርሱልኝ፣ «ያዘው» ካሉኝ በዚያኑ ቀን እከፍላለሁ አለ።

ከረጢቱን እኔና እናቴ በሁለት ጫፍ ይዘን ሄድን። ከጎልፈኞቹ ቀድመን ነበር የደረስነው። ጋሽ ጉደታ ከረጢቱን አዩ፣ እናቴን አዩ፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ብርቄ፣ ሰው ሳይመጣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ይሄ ባለ ፈረስ አይደለም» አሏት እናቴን።

አንዱን ዱላ አውጥተው ለእኔ አሳዩኝ። «ፈረስ ሲሶመሶም እግሩን በሰያፍ ነው የሚያነሳው፤ የፊቱን ግራ ከኋላው ቀኝ ጋር። የእንግሊዙ ፈረስ እንደዚያ ነው። ይሄ ግን አንድ ወገኑን አብሮ አንስቷል። እንዲህ የሚሄድ ሰጋር በቅሎ ነው። የሠራው ሰው ሥዕል አይቷል፣ ፈረስ ግን አላየም።»

እውነታቸውን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ፈረሱ ሲከራከሩ ከኖሩት የተማሩ ሰዎች አንዱም እግሩን አላየም።

«አባቴ አታሎ አያውቅም!» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«አባትሽ አላታለለም፤ ተታለለ እንጂ። ሁለቱ አይገናኙም።»

«ያውቅ ነበር?» አለች እናቴ።

«አልነገርኩትም። ደስ ብሎት ነበር የሚወለውለው። ብረቱ ደካማ ነበር፤ የዱላውን ራስ ፈትቼ አጠበቅሁት፣ ዘንጉን ቀየርኩ፣ እጀታውን ሁለት ጊዜ ጠቀለልኩ። አሁን እኔ ያልነካሁት ያንን በቅሎ ብቻ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። በሕይወቷ ሰው ስትለምን ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «እንግዲያው ዱላው ደህና ነው። ጋሽ ጉደታ፣ ለዛሬ ብቻ ዝም ይበሉልኝ። ‹ያዘው› ይበሉት። ስለ ልጆቹ ብለው።»

ውጭ የሐኪሙ ሳቅ ተሰማ፤ አግዳሚው መሙላት ጀመረ። ካፒቴኑ ጎንበስ ብሎ ገባና ዱላዎቹን ሲያይ ፊቱ በራ። «እህስ ጋሽ ጉደታ? ያው ባለ ፈረሳችን ነው አይደል?»

ጋሽ ጉደታ አንደኛውን ዱላ ሞርሳው ውስጥ አሰሩት። ላስቲክ ይጠቀልላሉ ብዬ ስጠብቅ ሞረዱን አነሱ። ከዚያ ፈረሱን መሞረድ ጀመሩ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ድምፁ ጥርስ ያንገሸግሻል። ከአግዳሚው የነበሩት ሁሉ ተነስተው በሩ ላይ ተከማቹ። አባቴ ስንት እሑድ የወለወለው ፈረስ ብናኝ ሆኖ ጫማዬ ላይ ረገፈ። እግሬን አላነሳሁም።

ቦታው ልሙጥ ሲሆን ከኪሳቸው አንድ አጭር ሹል ብረት አወጡ፤ ብረት ከመብሳታቸው በፊት ቦታ የሚያመለክቱበት ነው። በመዶሻ ሦስት ጊዜ መቱ። ሦስት ነጥብ፣ እንደ ጉልቻ የተቀመጠ።

«ካፒቴን፣ ፈረሱ ውሸት ነበር፤ አረማመዱ የበቅሎ ነው» አሉ። «ሟቹ አያውቅም፤ እኔ አውቅ ነበር። ይሄ አሁን የእኔ ነው። የሚጠይቁኝ ካለ ስለዚህ ይጠይቁኝ።»

ካፒቴኑ ቀላ። ሐኪሙ ከበሩ ላይ ጠጋ ብሎ ተመለከተና «ስድስት ዓመት የቀናኸው በበቅሎ ነው ማለት ነው?» አለው። ሳቁ ሜዳውን ሞላ፤ ላሞቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ። ካፒቴኑ ዱላውን ከሞርሳው ፈትቶ ወጣ። የሄደ መስሎኝ ነበር፤ እናቴም እንደዚያው፣ ከረጢቱን መሰብሰብ ጀምራለች። እሱ ግን ሣሩ ላይ ሦስት ኳስ አስቀመጠ። የመጀመሪያው ሳተ፣ ተናድዶ ስለነበር። ሁለተኛው ጥሩ ሄደ። ሦስተኛው ከላሞቹ በላይ አልፎ የት እንደወደቀ አላየንም።

ተመልሶ ገባ። «ቢሰበርስ?»

«እዚሁ ነኝ።»

«ቢጣመምስ?»

«እዚሁ ነኝ አልኩዎት እኮ።»

«ታዲያ ‹ያዘው› በሉኛ።»

ጋሽ ጉደታ ስምንቱን የቀሩትን ዱላዎች ተመለከቱ። «ሁሉንም ልምታና ከዚያ ይያዙት» አሉ።

የከፈለው የፈረሱን ዋጋ አልነበረም፤ የሦስት ነጥብ ዋጋ ገና የሚያውቀው አልነበረምና። ማሽኑን ገዛን፤ ለሚቀመጥበት ጠረጴዛ ግን ገንዘቡ አልደረሰንም። እናቴ በመንገድ ላይ «ዝም ቢሉ ምን ነበረበት?» አለች፤ ከዚያ በኋላ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ሰላም አላለቻቸውም። ማሽኑን መሬት ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ስትሠራ ወገቧ ተቆረጠ። አንድ ቀን ጋሽ ጉደታ በራችንን አንኳኩተው ከዕቃ ሳጥን ጣውላ የተሠራ ጠረጴዛ ደጁ ላይ ትተው ሄዱ። የእንግሊዝኛው ቀስት በዚህኛው ላይ ወደ ጎን ነበር፤ ወደ ጎረቤታችን ኩሽና። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ሹራብ ሦስታችንንም አሳደገን። የመጀመሪያውን ለእሳቸው ላከችላቸው። አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝም ነበር። በሰው ዕቃ ላይ በአንድ ቃል የሚፈርዱት ሰው ሹራቡን እስኪያልቅ ለበሱት እንጂ ስለ እጅጌው ቃል አልተነፈሱም።

አግዳሚው ላይ አዲስ ክርክር ተጀመረ። ካፒቴኑ አፍሮ አልደበቀውም፤ ባሸነፈ ቁጥር ሦስቱን ነጥብ ያሳያል። ቆይቶ ሰዎች የራሳቸውን ዱላ አምጥተው «ይሞረድልኝና ይመታልኝ» ማለት ጀመሩ። ጋሽ ጉደታ አብዛኛውን ይመልሱ ነበር፤ እንዲያም ሆኖ ባለ ሦስት ነጥብ ስሙ ወጣ። ከሜዳው ርቆ ደግሞ የስዊድን ሥራ ነው ይባል ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰው ከመርካቶ የገዛውን ዱላ ለጥገና ይዞ መጣ፤ ሦስት ነጥብ አለበት፣ ግን በአንድ መስመር የተደረደረ። ጋሽ ጉደታ አገላብጠው አዩትና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «አሁን ገና ማርካ ሆንኩ» አሉ፣ ወደ እኔ ዞረው። «ፎርጅድ ወጣልኝ።»

የመጀመሪያዋን ሱቄን የከፈትኩ ጊዜ አርጅተው ነበር። የጣውላ ቤቷ ለመንገድ ፈርሳለች፣ ሜዳውም ታጥሯል። በዱላ ተደግፈው መጡ፤ ተራ የወይራ ዱላ፣ ምንም ምልክት የሌለው። ዕቃዬን በዓይናቸው ዞሩት። አንዱን ቦርሳ አንስተው አሸተቱት፣ መልሰው አስቀመጡት፤ «ያዘው»ም «ተወው»ም አላሉም። ከኪሳቸው ያንን አጭር ብረት አውጥተው መሳቢያዬ ውስጥ ጣል አደረጉት።

«የምትምዪበት ዕቃ ስታገኚ ምቺበት» አሉኝ።

ጎረምሳው አሁንም ጫማውን እንደያዘ ነበር። «እትዬ? ኦርጅናል ነው ወይ?»

«አይደለም» አልኩት። «ሶሉ ግን ተሰፍቷል፤ ክረምቱን ያወጣሃል። ከተገነጠለ እዚሁ ነኝ።»

ትንሽ ግራ ገባው። አሰበ፣ አሰበ፣ አስቀመጠውና ሄደ። ሳቅ የለም፣ ሽያጭም የለም። ከሄደ በኋላ መሳቢያዬን ከፍቼ ብረቱን ከደረሰኝ ወረቀቶች ሥር አወጣሁትና ጫፉን በጣቴ ነካሁት። ይህን ሁሉ ዘመን ስነግድ ኖሬ፣ እንደሰጡኝ ሹል ነው።