ሥጋ የሌለበት እራት

የዚያን ቀን በፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ከሰኮሩ የመጡ፣ «ልጅሽን አምጪ» ተብለው የታሰሩ አሮጊት ናቸው። ሦስተኛዋ በዚያው ጠዋት የገባች ተማሪ ነች። በር ላይ ፖሊሷ ነበረች። ምግብ ይዛ የመጣችው እህቴ ውጭ ቆማለች። ሌላ ሰው አልነበረም።

እኔን የያዙኝ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ካለው ቤቴ ነው። ክፍል ያከራየሁት ልጅ ይፈለጋል አሉኝ። የት እንደሄደ አላውቅም ብል አላመኑኝም። ሦስቱ ልጆቼ እህቴ ጋር ቀሩ። በዘጠነኛው ቀን መርማሪው፣ «ነገ ትወጫለሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ፍርሃቴ ባሰ። የምታጣው ነገር ያላት ሴት ሆንኩ።

ልጅቷን ሲያስገቧት ፖሊሷ፣ «ለዚህች ማንም ምንም እንዳይሰጥ። የሰጠ አብሯት ይቆጠራል» አለች። ሻሿን ፍተሻ ላይ ወስደውባታል። ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ከንፈሯ ደርቋል። ከተያዘች ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

ምሳ ሲመጣልኝ አሮጊቷ በጆሮዬ፣ «ነገ ወደ ልጆችሽ ትሄጃለሽ። አርፈሽ ብዪ» አሉኝ። እሳቸውም ፈርተው እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። እኔ ግን ጉርሻው አልወርድ አለኝ። በየእሑዱ ስለ ተራበ ሰው ቆሜ የምጸልይ ሴት ነኝ። «ጌታ ሆይ፣ እንዳያዩኝ ዓይናቸውን ያዝልኝ» ብዬ ሳህኑን በእግሬ ወደ እሷ ገፋሁት።

አየችው። አልነካችውም።

«ጠግቤያለሁ አዮ» አለችኝ፤ እናቴ ማለቷ ነው።

ኮራችብኝ ብዬ ተናደድኩ። ያን ያህል ፈርቼ ሰጥቻት! አሮጊቷ ሳህኑን አይተው፣ «ቋንጣ ፍርፍር እኮ ነው። ልጅቷ እስላም ናት፣ የእኛን ሥጋ እንዴት ትብላ?» አሉ።

ጅማ ሃያ ዓመት ኖሬ ይህን አለማሰቤ! ፍርሃት ዓይኔን ጋርዶታል። ሥጋው ከእንጀራው ጋር ተፈትፍቷል፤ ለይቶ መስጠት አይቻልም።

ሳህኑን እንዳለ ልመልስ በር ላይ ስወጣ ለእህቴ፣ «ለማታ ሽሮ ሥሪልኝ። ሥጋ በነካው ድስት አይሁን» አልኳት።

ፖሊሷ ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ ጴንጤ ከመቼ ወዲህ ነው ከሥጋ የሚጾመው?»

ጨጓራዬን አሞኛል ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ያውቅብኛል? እህቴ በዓይኗ ትለምነኛለች።

«ለእኔ አይደለም» አልኩ።

ሳቋ ቆመ። ትኩር ብላ አየችኝ። ከዚያ፣ «ግቢ» አለችኝ።

ማታ ሽሮው ገባ። ልጅቷ ከመጠጫ ውሃችን ቀንሳ እጇን ታጥባ፣ «ቢስሚላህ» ብላ በላች። እኔ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው።

«አዮ፣ እርስዎ አይፈሩም?»

«በጣም እፈራለሁ። አንቺ ብዪ።»

አሮጊቷ ከጥግ ሆነው፣ «ቀስ ብለሽ ልጄ፣ ባዶ ሆድ ይቆርጣል» አሏት። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ጎህ ሲቀድ ጠርተው ወሰዷት። ሻሿን አልመለሱላትም፤ ነጠላዬን ሰጠኋት። እኔም በዚያ ቀን እንደተባለው አልወጣሁም። ተጨማሪ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። በሽሮው ምክንያት ይሁን በሌላ፣ የነገረኝ የለም።

ዛሬም መኪና ደጄ ላይ ሲቆም ልጆቼን ወደ ጓዳ አስገባለሁ። ደፋር አልሆንኩም። ያን ማታ ስትበላ ማየቴን ግን በምንም አልለውጠውም።

ልጅቷ የሊሙ ገነት ልጅ ናት፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ከግራ ቅንድቧ በላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ያያት ወይም ስለ እሷ የሰማ ሰው ካለ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ይንገረኝ።